ሰባት ነው ብዬ የፈረምኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሠላሳ ሰው ፊት በፒጃማ ቆሜያለሁ።

በሥራ ቦታ። በጠራራ ፀሐይ። የሙዝ ሥዕል ያለበት ቢጫ ፒጃማ!

ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። ፎቶ እንዳትጠይቁኝ፣ የለም። ያነሳ ሰው ካለም ስልኩን ሶዳ ውስጥ ነው የምነክርለት።

ለአዲስ ተከታዮቼ፦ ማሂ እባላለሁ። ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ። ከዓለም ባንክ ሰፈር ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምግብ ዘይት ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ነጭ ጋውን ለብሳ ብልቃጥ የምታወዛውዝ ሴት ከመጣችላችሁ ተሳስታችኋል። እኔ የማጥበው ያረረ ዘይት ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ "ልጄ ፋብሪካ ታጥባለች" ነው የምትለው።

አምስት ዓመት ተምሬ!

ግን እውነቷን ነው። ፋብሪካችን በዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ሻት ዳውን እንለዋለን። ዓመቱን ሙሉ ዘይት ሲፈላባቸው የከረሙት ታንከሮች ውስጣቸው እንዳረረ ድስት ይጠቁራል። በእጅ ተፈግፍጎ አይለቅም። ስለዚህ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ፣ ቅባት የሚበላ ኬሚካል፣ በፓምፕ እያዞርን እንቀቅላቸዋለን። ከዚያ ሶዳው ይፈስሳል፣ በውሃ ተደጋግሞ ይለቀለቃል፣ በመጨረሻ ሰው ገብቶ የቀረውን ይፍቃል፣ የተሰነጠቀውን ይበይዳል።

"ሰው ገብቶ" የምትለዋ ላይ ነው ጉዱ ያለው።

ሶዳ ቀልድ አያውቅም። ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። ክፋቱ ደግሞ መጀመሪያ ሲነካ እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ይላል እንጂ ብዙም አያምም። ማመም ሲጀምር ረፍዷል። ለዚህ ነው ማንም ታንከር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመለኪያ ወረቀት የሚለካው። ወረቀቷ የጣት ስፋት እንኳ የላትም። አረንጓዴ ከሆነች ሰባት ነው፣ ንጹህ ውሃ ማለት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነች አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ነው፣ "እግሬ አውጪኝ" ማለት ነው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካና መግቢያ ፈቃዱ ላይ ይፈረማል።

እና ዘንድሮ ፈራሚዋ ማን ናት?

እኔ! ሁለት ወር የሆነው ትኩስ ሹመት! ደረቴ ላይ ባጅ፣ ኪሴ ውስጥ ሁለት እስክርቢቶ። አንዱ መጠባበቂያ ነው።

ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመት የፈረሙት ጋሽ ደምሰው ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቱታቸው ሁሌ የተተኮሰ። (ቱታ የሚተኩስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?) በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ ቫልቭ የትኛው እጅ እንደሚዞር እንኳ አላውቅም ነበር። "ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ይላላል፣ ስትጠራጠሪ አትንኪው" ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የማውቀውን ሁሉ ከሳቸው ነው ያገኘሁት ብል ውሸት የለበትም።

እና ዛሬ የጡረታ ሽኝታቸው ነበር።

ኬኩን እኔ ነበርኩ የማመጣው። ጠዋት ተነሳሁ፣ ረፍዷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማን ያየኛል ብዬ ቱታዬን ከነፒጃማዬ ደረብኩና ወጣሁ። (አዎ፣ አውቃለሁ። ዝም በሉኝ።)

አየር ጤና ኬክ ቤቱ ገና አልጨረሰም። ጠበቅኩ። ታክሲው ሰልፍ ነው። ጠበቅኩ። ኬኩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አጠገቤ ያለች ሴትዮ ልጇን "እንዳትነካው!" እያለች፣ እኔም ልጁን በዓይኔ እየለመንኩ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋብሪካ ደረስኩ።

ሥራ የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ታንከሩ ተለቅልቆ አልቋል። ውስጥ የሚገቡት ሦስቱ ሠራተኞች ቱታና ጓንት አድርገው እኔን እየጠበቁ ነው። ከሦስቱ አንዱ አበራ የሚባለው በያጃችን ነው። ሚስቱ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ስልኩን ከፍቶ የልጁን ፎቶ ያላሳየው ሰው ፋብሪካው ውስጥ የለም። እኔ ብቻ አራት ጊዜ አይቻታለሁ።

የታንከሩን መሰላል ቀና ብዬ አየሁት። ረጅም ነው። ከታች ለመለካት ደግሞ ገመድና ዘንግ ማምጣት አለ። ኬኩ ፀሐይ ላይ ነው።

ስልኬ ጢን አለ። የላብራቶሪው ልጅ ቢኒ ነው። "ማሂ፣ 7 ነው" ይላል። ከነአውራ ጣቱ 👍።

ወገኖቼ፣ ፈረምኩ።

ሦስቱም ቦታ ላይ። ከላይ፦ 7። ከመሃል፦ 7። ከታች፦ 7። ጽሕፈቴ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር!

ጋሽ ደምሰው ልጃቸው ያሰፋችላቸውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው ዳር ቆመዋል። በሕይወቴ በሱፍ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀቱን ከሩቅ አዩና፣

"ራስሽ ነሽ የለካሽው?" አሉኝ።

"አይጨነቁ ጋሼ፣ ዛሬ እንግዳ ነዎት" አልኳቸው። ፈገግም ብያለሁ።

አያችሁ አመላለሴን? መልስ ሳይሆን መልስ የሚመስል ነገር። በዚህ ዘርፍ ዲግሪ ቢሰጥ ማስተርሴን ይዤ ነበር።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። በታንከሩ ሥር አልፌ ኬኩን ጥላ ውስጥ ላስቀምጥ ስሄድ፣ ከላይ አንዱ ሠራተኛ ማለቅለቂያውን ጎማ ሲፈታ፣ ጎማው ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ፊጭ ብሎ አንገቴ ላይ!

ወርዶ ጀርባዬ ውስጥ ገባ። ሞቅ ያለ ነው።

ሙልጭልጭ አለብኝ።

"ሶዳ! ሶዳ ነው! ሶዳ ነዋ! እናቴን ጥሩልኝ!"

እናቴን ጥሩልኝ ብያለሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።

ኬኩ ሄደ። የት እንደሄደ ኋላ ነው ያየሁት። እኔ ወደ ድንገተኛው ሻወር ሮጥኩ። እጀታውን ስትስቡት ከላይ ውሃ የሚለቅባችሁ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የቆመ ሻወር ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና የምሰጥበት እኔው ነኝ። "ሶዳ የነካችሁ ልብሳችሁን አውልቃችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትቆማላችሁ! አሥር አይደለም! አሥራ አራት አይደለም!" እያልኩ።

እና ልብስ...

ጋሽ ደምሰው ከየት እንደደረሱ አላየሁም። "ቱታውን አውልቂ!" ሲሉ ሰማሁ። ድምፁ የሳቸው አልመስል አለኝ፣ ጮኸው አያውቁም።

"ጋሼ ከሥር ፒጃማ ነው!"

"ሶዳ ፒጃማ አይመርጥም! አውልቂ!" ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። "እናንተ ደግሞ ዙሩ! ጀርባችሁን ስጡ!"

ሠላሳ ወንድ ጀርባውን ሰጠ። የበሩ ጥበቃ እንኳ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ዞረ። ይሄን ሳስታውስ እስካሁን ልቤ ስፍስፍ ይላል። ግን ሐቁን ልንገራችሁ፣ ከመዞራቸው በፊት ሙዞቹን ያላየ የለም።

ውሃው በረዶ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። "በቃ ለቀቀኝ፣ ደህና ነኝ" ብዬ ልወጣ ስል፣ ጋሽ ደምሰው ሻወሩ ውስጥ ገቡ።

ከነሱፋቸው! ከነክራባታቸው!

ትከሻዬን ይዘው መልሰው አቆሙኝ፣ የፒጃማዬን ኮሌታ ወደ ኋላ ስበው ውሃው በአንገቴ እንዲወርድ አደረጉ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

"ሦስት ደቂቃ" አሉ።

"ጋሼ ልብስዎ..."

"አራት ደቂቃ ሲሆን እነግርሻለሁ።"

ቆምን። ውሃው ይወርዳል። አዲሱ ግራጫ ሱፍ ጥቁር ሆነ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

"ስንት ነበር የለካሽው?" አሉኝ።

ውሃውን ከዓይኔ ጠረግኩ።

"ማሂዬ፣ ስንት?"

"አልለካሁም ጋሼ።"

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከትከሻዬ ላይ እጃቸውን አላነሱም። "እኔም አንድ ቀን አልለካሁም" አሉ። "አሰብ። ፈረምኩ፣ ጓደኛዬ ቱቦውን ፈታ። አንድ ዓይኑ ጠፋ።"

ውሃ ነው እንባ ነው የሚወርደው? አልጠየቅኩም። የእኔንም አልነገርኳቸውም።

"ስምንት ደቂቃ" አሉ።

አሥራ አምስቱ ሲሞላ ፎጣ መጣ። ቢኒ በመለኪያ ወረቀቱ አንገቴንም፣ የቱታዬን ኮሌታም፣ ጎማው ውስጥ የቀረውንም ነካ ነካ አደረገ።

አረንጓዴ። ሰባት። ውሃ!

ንጹህ፣ የቧንቧ፣ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ።

ሳቁን አልነግራችሁም። መሬት ላይ የተቀመጠ አለ። አለቃችን ኢንጂነር ሳምሶን፣ በመደበኛው ቀን ጥርሱ የማይታይ ሰውዬ፣ መግቢያ ፈቃዱን ከግድግዳው አውርዶ ከፍ አደረገና፣ "ይኸው ሰባት ነው ብለሽ ፈርመሻል! በራስሽ ፊርማ አታምኚም እንዴ?" አለኝ።

እንደገና ሳቅ። እኔም ሳቅኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ በሳቅ ሊያልቅ ይችል ነበር። ይሄ ነው ከፒጃማው በላይ የሚያሳፍረኝ፣ ስለዚህ ልጻፈው፦ እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር። "ውሃ ነው ተባለ አይደል፣ ቢኒ ትክክል ነበር፣ ኋላ ቀስ ብዬ ብለካው ማን ያውቃል" ብዬ አስቤያለሁ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሰበብ እንደሚታሰብ ብታዩ!

አበራ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገና መከላከያ መነጽሩን አወረደ። መሰላሉን ያዘ። አንድ እርምጃ ወጣ።

ጋሽ ደምሰው ውሃ እየተንጠባጠቡ አጠገቡ ቆመዋል። እጃቸው መሰላሉ ላይ ነው። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ። እኔ ዝም ብል እሳቸው እንደማያሳልፉት ገባኝ። መጀመሪያ ግን እኔን እየጠበቁኝ ነበር።

"አልለካሁም!" አልኩ።

ሳቁ ቀጠለ። አልሰሙኝም። ለካ ድምፄ አልወጣም።

"አልለካሁም! አበራ ውረድ! ሳልለካ ነው የፈረምኩት!"

ሳቁ ተቆረጠ።

ከአየር ጤና በኩል የታክሲ ረዳት ጥሪ የተሰማኝ ሁሉ መሰለኝ።

ኢንጂነር ሳምሶን ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ። "ሦስቱንም?" አለ።

"ሦስቱንም።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጋሽ ደምሰው ናቸው "በይ ነይ፣ አሁን እንለካ" ያሉኝ። የሰው ቱታ አውሰውኝ፣ እጅጌው ጉልበቴ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ ወጣሁ።

ከላይ፦ አረንጓዴ።

ከመሃል፦ አረንጓዴ።

ከታች ለመለካት ትንሽ ኩባያ ዘንጉ ጫፍ ላይ አስረን አወረድን። ታችኛው ወለል ላይ ጎድጎድ ያለች መውረጃ አለች፣ ሰው ሲገባ መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፈው እዚያው ነው። ኩባያዋ ከፍ ስትል ግማሽ ድረስ ሞልታለች። ወረቀቷን ነከርኩ።

ጥቁር ሰማያዊ።

መውረጃዋ ተፈርፍሮ በወረደ ጥላሸት ተደፍና ሶዳው ሥሯ ተኝቶ ቀርቷል። ቢኒ የለካው ከላይ በጎማው የወጣውን ውሃ ብቻ ነበር። ልጁ አልዋሸም፣ የለካውን ነው የነገረኝ። እኔ ነኝ የአንዱን ቦታ ቁጥር ሦስት ቦታ የጻፍኩት።

አበራ ወረቀቷን ከእጄ ወስዶ ለረጅም ጊዜ አያት። ተራገመ? አልተራገመም። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። "ጎንበስ ብዬ ነበር የምፍቀው" ብቻ አለ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ፣ ስልኩን አወጣና ራቅ ብሎ ሄደ። ለሚስቱ ሲደውል አየሁት። ምን እንዳላት አላውቅም። ብቻ "ዝም ብዬ ነው የደወልኩት" ሲል ሰማሁ።

እዚያ ጋ ነው ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ያለቀስኩት።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። እስክርቢቶዬን፣ ሁለቱንም፣ ኢንጂነር ሳምሶን ወስዷል። ይህ ሻት ዳውን እስኪያልቅ እለካለሁ እንጂ አልፈርምም። ታንከሩ መውረጃው ተከፍቶ እንደገና ይለቀለቃል፣ ሥራው ወደ ነገ ተዛውሯል። ይገባኛል። አልተከራከርኩም።

ሽኝቱ ግን ቀረ እንዳይመስላችሁ!

ስድስት ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ኬኩ ከተገኘበት ጎማ ሥር ተነስቶ፣ በአንድ ጎኑ የተረፈው ተቆርጦ ቀረበ። ጋሽ ደምሰው በሥራ ቱታ ተሸኙ፣ ሱፋቸው ደጅ ቧንቧ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። የመታሰቢያ ፎቶው ላይ እንደዛው ናቸው፣ ግን አምሮባቸዋል፣ እውነቴን ነው።

እኔ ከኋላ፣ ግድግዳ ተለጥፌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንድ አዛውንት መጥተው ተቀመጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው የጋሽ ደምሰው ጓደኛ ናቸው፣ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ለሽኝቱ ማልደው መጥተው ከጥበቃው ጋር በር ላይ ሲያወሩ የሻወሩን ትርዒት ተመልክተዋል።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። "እኔ ግማሹን ብቻ ነው ያየሁት።"

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ ዓይናቸው የለም።

ወገኖቼ፣ ሳቄን ልዋጠው ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኩት። ኬኩም ትን አለኝ። ጀርባዬን ሲመቱኝ ቆዩና፣ ድምፄ ሲመለስ፣

"አሰብ የነበሩት እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

"ነገረሽ? እኔ ነኝ። ደምሰው ያኔ 'ለክቼ ነበር' ብሎ ምሎ ነበር። እውነቱን የነገረኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ እያለቀሰ።"

"ተናደዱ?"

"ምን ያናድደኛል፣ አውቀው ነበር እኮ። ያን ዕለት ሲያነሳኝ በደህናው ዓይኔ አይቻለሁ፣ የመለኪያው ወረቀት ጥራዝ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ከጥራዙ አንዷም አልተቀደደችም።"

"ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?"

"እስኪነግረኝ እየጠበቅኩ ነዋ" አሉ። ኬካቸውን ጎረሱ። "ከፍቶት ነበር የኖረው። ቤቴ ይመጣል፣ ልጆቼን ያስተምራል፣ የታመመ ያስታምማል፣ ዓይኔን ግን አያየኝም ነበር። ከነገረኝ በኋላ ነው ጓደኛዬን መልሼ ያገኘሁት። አንቺ ጎበዝ ነሽ። አንቺ የፈጀብሽ ሩብ ሰዓት ነው።"

እኔ ጎበዝ? በፒጃማ?

ወደ ፊት ቀና ስል ጋሽ ደምሰው ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው ቆመዋል። ንግግር አይችሉም። "አመሰግናለሁ። ተጠንቀቁ" አሉና ተቀመጡ። በቃ። ሰዉ እንደዛ ሲያጨበጭብ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ቤት ነኝ። እናቴ "ሥራ እንዴት ዋለ?" ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ትኩስ ሻይ አመጣችልኝ። ከዚያ "የልጁን እናት ሄደሽ ጠይቂያት" አለች። የአበራን ሚስት ማለቷ ነው። አራስ ጥየቃ። እኔ እስካሁን ፎቶ ብቻ አይቼ "ስታምር!" እያልኩ ነው ያለፍኩት። እሁድ እሄዳለሁ ብያለሁ። አበራ በሩን ከከፈተልኝ።

የዛሬው ትምህርት እንግዲህ፦ ያላወቃችሁትን "አላውቅም" በሉ። ቀላል ቃል ነው። እኔ ለመልመድ ከሠላሳ ሰው ፊት መራቆት ነበረብኝ፣ እናንተ ሰው መሆን ይበቃችኋል።

በዚሁ ልለማመድ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ያንኑ በር ገብቼ፣ ያንኑ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየሁ "እንደምን አደራችሁ" ማለት አለብኝ። እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

የምታውቁ አላችሁ?